የተጫነ ሳይክል ስንት ኪሎ ሲሆን ነው ደንገጎን የሚወጣው?

ድሬ_በሁለት_ጎማ · ኅዳር 4

ሰላም ለሁላችሁ። ከድሬ ተነስቼ በደንገጎ ዳገት፣ በሐረማያ፣ በአወዳይ አድርጌ ሐረር ላድር ነው። በማግስቱ ወደ ባቢሌ እወርዳለሁ። የዳካታን የድንጋይ ሸለቆ አይቼ እመለሳለሁ። ሦስት ቀን፣ ቢበዛ አራት። ዕቃዬን ሁሉ ሳይክሉ ላይ አስሬ ስሄድ የመጀመሪያዬ ነው።

ትናንት ዕቃውን በሙሉ ጫንኩና ቀፊራ አጠገብ ወዳለ ወፍጮ ቤት ገፋሁት። ማሽላና በቆሎ የሚመዝኑበት መሬት ላይ የሚቀመጥ ትልቅ ሚዛን አላቸው። ሳይክሉ ብቻውን አይቆምም፤ መሪውን በሁለት ጣቴ ደግፌ ያዝኩት። ቁጥሩ እየወጣ እየወረደ አልረጋ አለ። ባለ ወፍጮው ቅንድቡ ሳይቀር ዱቄት ለብሷል። "እሱን ተወውና ታቅፈኸው ውጣ፣ ከዚያ ብቻህን ትወጣለህ፣ እንቀንሳለን" አለኝ። ታቅፌው ወጣሁ፤ 111። ብቻዬን ወጣሁ፤ 68። ሳይክሉ ከነጭነቱ 43 ኪሎ ነው ማለት ነው።

ታቅፌው የቆምኩት ከአስር ሰከንድ አይበልጥም። ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ። ይኼንን ነው ዳገቱ ላይ የምገፋው?

ሳይክሉ ባዶውን 15.5 ነው፤ የቆየ ባለ 26 ኢንች የተራራ ሳይክል። ውሃ 6 ሊትር ይዣለሁ። ድንኳኑ 2.9፣ የመኝታ ከረጢቱ 1.9፣ የጋዝ ምድጃና ድስት 1.6። እናቴ ያለ ጋቢ አትሄድም ብላ የሰጠችኝ ጋቢ 1.7 ሆነ። ምግብ 3.8፣ ልብስ 3.2፣ መፍቻና መለዋወጫ 1.9፣ የሰንሰለት ቁልፍ 1.4። ፓወር ባንክ፣ ስልክና መብራት አንድ ላይ 0.9። የኋላ መጫኛውና ቦርሳዎቹ ራሳቸው 2.4 ናቸው።

የእናንተ ስንት ይመዝናል? ምን ላውርድ?

---

ሳቢያን_ልጅ · ኅዳር 4

አቦ 43 በጣም ብዙ ነው። እኔ ባለፈው ዓመት ሐረር ስሄድ 27 ነበር፣ እሱም ሁለት ቦታ ላይ አስወርዶኛል። ድንኳኑን ቤት ተወው።

---

ቀላል_ጉዞ · ኅዳር 4

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ፣ ሰው ሁሉ ቁጥር ሲያወዳድር የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ። አንዱ "የእኔ 20 ነው" ሲል ውሃና ምግብ ሳይቆጥር ነው። ሌላው "የእኔ 30 ነው" ሲል ሁሉንም ቆጥሮ ነው። ሁለቱ ሳይክሎች እኩል ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ ደረቁንና ሙሉውን ለይታችሁ ጻፉ። ደረቅ ማለት ሳይክል፣ ቦርሳና ዕቃ። ሙሉ ማለት ውሃውና ምግቡ ሲጨመር።

የእኔ ሳይክል 12.5 ነው። ዕቃዬ ከነቦርሳው 8.5፤ ድንኳንና የመኝታ ከረጢት እዚያ ውስጥ አለ። ደረቁ 21 ይመጣል። አራት ሊትር ውሃና ከአንድ ኪሎ ትንሽ የሚበልጥ ምግብ ስጨምር 26 ላይ ይቆማል። ባይክፓኪንግ የሚባለው፣ ማለት ቦርሳዎቹ ሳይክሉ አጥንት ላይ የሚታሰሩበት፣ አብዛኛውን ጊዜ ሙሉው ከ20 እስከ 30 ኪሎ ነው። በጎንና በጎን ትልልቅ ቦርሳ አንጠልጥለው ወራት የሚጓዙት ደግሞ 40 እና 50 ይደርሳሉ። ስለዚህ የአንተ 43 ከዓለም የተለየ አይደለም። ግን ያ ሰው ቤቱን ይዞ አገር የሚያቋርጥ ነው። አንተ አራት ቀን ነው የምትሄደው።

ዕቃህን ሁሉ መሬት ላይ ዘርጋው። እያንዳንዱን አንስተህ "ይኼን የያዝኩት ስለምጠቀምበት ነው ወይስ ስለፈራሁ?" በል። የመኝታ ከረጢትም፣ ጋቢም፣ ሦስት ኪሎ ልብስም አንድ ላይ ስትይዝ ለአንድ ብርድ ሦስት ጊዜ እየከፈልክ ነው።

---

ጁገል_ዳር · ኅዳር 5

ከሐረር ነው የምጽፈው። ወንድሜ፣ መንገዱ እኮ በረሃ አይደለም። ደንገጎ ጫፍ ላይ ከወጣህ በኋላ አዴሌ አለ፣ ሐረማያ አለ፣ አወዳይ አለ፣ ከዚያ እኛ ጋ ደረስክ። በየከተማው ሻይ ቤት፣ ሳምቡሳ፣ ፉል፣ ሙዝ ታገኛለህ። ከሐረር ወደ ባቢሌም ቢሲዲሞ መሀል ላይ አለልህ። 3.8 ኪሎ ምግብ ለማን ነው? ምድጃውስ ምን ይሠራል? ምንም ሳታበስል ትሄዳለህ።

እኔ የምይዘው በሶ ነው። ግማሽ ኪሎ በሶ ከስኳርና ከትንሽ ጨው ጋር ደባልቄ በላስቲክ አስራለሁ። የሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ጨምሬ እመታዋለሁ፣ እጠጣለሁ፣ እቀጥላለሁ። እሳት የለ፣ ድስት የለ፣ እጥበት የለ። ከሱ ጋር አንድ እፍኝ የባቢሌ ለውዝ። ለውዝ በክብደቱ ልክ ብዙ ጉልበት ከሚሰጡ ምግቦች አንዱ ነው፣ 100 ግራሙ ወደ 570 ካሎሪ ይጠጋል። ቴምርም ከድሬ ትይዛለህ።

ሌላው ሽርጥ። የድሬ ልጅ ሆነህ ሽርጥ አለመያዝህ ገረመኝ። አንድ ሽርጥ ሁለት መቶ፣ ሦስት መቶ ግራም ነው። ስትታጠብ ፎጣ ነው። ማታ አንሶላ ነው። ቀን ዛፍ ሥር ስታርፍ ጥላ ነው። ልብስ ስትቀይር መጋረጃ ነው። ከፎጣውና ከትርፍ ሱሪው ይገላግልሃል።

ድንኳኑን በተመለከተ፣ ባቢሌ አካባቢ ውጭ ማደርን ከልብ አልመክርህም። ወዲያ የዝሆን መጠለያ አለ፣ ጅቡም በየቦታው ነው። እኛ ከጅብ ጋር ተላምደን ነው የምንኖረው፣ ግን ምግብ ይዞ ሜዳ ላይ የተኛን እንግዳ አያውቀውም። አልጋ ቤት እደር። ድንኳን፣ የመኝታ ከረጢት፣ ምድጃ ሲወጡ 6.4 ኪሎ ወረደልህ።

የእናትህን ጋቢ ግን በደንብ አመስግነህ መልስላት። ጥጥ ነው፤ ከረጠበ እጥፍ ይከብዳል፣ ቶሎም አይደርቅም።

---

ከዚራ68 · ኅዳር 5

ልጆቼ፣ ሁላችሁም ትክክል ናችሁ። ብቻ አንድም ሰው ስለ ውሃው ስላልተናገረ ልናገር።

እኔ ወጣት ሆኜ በዚያ መንገድ የወጣሁት ማርሽ በሌለው የብረት ሳይክል ነው። ሃያ ኪሎ ገደማ ነበር። ዕቃ ግን አልነበረኝም። አንድ ሸሚዝ፣ ዳቦና አንድ ኮዳ ውሃ። ወሩ ግንቦት ነበር። ከድሬ የተነሳሁት ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው፤ ያ ነው ስህተቴ። ዳገቱ ሲጀምር ፀሐይ ጀርባዬ ላይ ነበረች። ድንጋዩ ከታች ይሞቃል፣ አስፋልቱ ከፊት ይሞቃል፣ ነፋስ የለም። ኮዳዋ መንገዱ ሳይጋመስ አለቀች። ላቤ ቆመ። ክንዴን ስዳስሰው ደርቋል፣ ጨው ብቻ ነው። ብርድ ብርድ አለኝ፣ በዚያ ሙቀት። ከሰል የጫነ ሰውዬ አህያውን አቁሞ ከጀሪካኑ ባያጠጣኝ ኖሮ ምን እንደምሆን አላውቅም።

ስለዚህ ልጄ፣ የፈለግኸውን አውርድ፣ ውሃህን ግን ከአራት ሊትር በታች አታድርግ። አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ነው፣ አዎ። ግን እያንዳንዱ ዕቃህ እስከ ሐረር ድረስ ያው ነው። ውሃ ብቻ ነው በየኪሎ ሜትሩ ወደ ሰውነትህ እየገባ ከሳይክሉ የሚወርደው። ተነሳ ከንጋቱ 11 ሰዓት። ደንገጎን ከረፋድ በፊት ጨርስ።

---

ድሬ_በሁለት_ጎማ · ኅዳር 5

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ውሃውን ወደ ሁለት ሊትር ላወርደው አስቤ ነበር፣ አሁን ትቻለሁ። አራት ይሆናል።

@ጁገል_ዳር ሽርጡን ረስቼው ነው እህቴ፣ ወላሂ። ቤት ውስጥ ለብሼው እየጻፍኩ።

---

የፊዚክስ_መምህር · ኅዳር 6

ቁጥር ለምትወዱ። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሐረማያ 2000 ሜትር አካባቢ፣ ሐረር ደግሞ ወደ 1900 ትጠጋለች። ደንገጎ ላይ መንገዱ ከሐረርም ከፍ ይላል። ለሒሳብ እንዲመች ዳገቱን 1000 ሜትር ልበለው።

ሰውና ሳይክል አንድ ላይ 111 ኪሎ። ያንን 1000 ሜትር ወደ ላይ ለማንሳት ክብደቱን በ9.8፣ ከዚያ በ1000 ታባዛለህ፤ ወደ 1,088,000 ጁል ይመጣል። አንድ ጤናማ ሰው ሳይቸኩል 140 ዋት ያህል ለሁለት ሰዓት ማውጣት ይችላል እንበል። ስናካፍለው 2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ገደማ። አሁን 14 ኪሎ አውርድና 97 አድርገው። 1 ሰዓት ከ53 ደቂቃ። ልዩነቱ 16 ደቂቃ ብቻ ነው።

አንድ ኪሎ ማለት በ1000 ሜትር ዳገት ላይ 70 ሰከንድ ነው። ስለዚህ ስለ 200 ግራም እንቅልፍ አትጡ። ለመጽናኛ የሚሆንህን አንድ ነገር ያዝ፣ ደስ ብሎህ ሂድ።

---

ቀላል_ጉዞ · ኅዳር 6

መምህር፣ ሒሳቡ ላይ ጥል የለኝም። ግን ሒሳቡ ያ ሰው ሁለት ሰዓት ሙሉ ሳይወርድ እየጋለበ እንደሚወጣ ነው የሚያየው። እውነቱ እንደሱ አይደለም። 43 ኪሎ ሳይክል ሲከብድህ ትወርዳለህ። ከወረድክ በኋላ ደግሞ ትገፋዋለህ። ስትገፋ ጎንህ ላይ ያዘነብላል፣ ፔዳሉ ቅልጥምህን ይመታሃል። ማታ አልጋ ቤት ስትደርስ ደረጃ ላይ ትሸከመዋለህ፣ ውጭ አታሳድረውማ። ኩርባ ላይ መኪና ሲመጣብህ ቶሎ ወደ ዳር ማውጣት አለብህ። እነዚህ ሰከንድ ውስጥ አይገቡም።

---

የፊዚክስ_መምህር · ኅዳር 6

ተቀብያለሁ። ደረጃውንና መግፋቱን አላሰብኩትም። ያንተ አስተያየት ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ከመውጣቱ ይልቅ መውረዱ ያሳስበኛል።

ስትወጣ ያጠራቀምከው አንድ ሚሊዮን ጁል ስትወርድ የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። ከፊሉን ነፋሱ ይወስደዋል። ቀስ ብለህ ከወረድክ ደግሞ አብዛኛው ፍሬንህ ላይ ነው የሚያልቀው። አንድ ሚሊዮን ጁል ሦስት ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ የሚያፈላ ሙቀት ነው። ያንን ሁሉ የሚቀበሉት ሁለት ቀጫጭን የአልሙኒየም ቸርኬዎች ናቸው። ስለ ፍሬን ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ይናገር።

---

ጎማና_ፍሬን · ኅዳር 7

ሃያ ዓመት ሳይክል ስጠግን ኖሬያለሁ። በሥራ ምክንያት ዘግይቼ ነው። ረዘም ስለሚል ታገሱኝ።

የምትጠይቁት ስንት ኪሎ ነው። እኔ ሳይክል ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማየው ጥርሱን ነው፣ ማለት ሰንሰለቱ የሚዞርባቸውን ጥርሳም ክቦች። @ድሬ_በሁለት_ጎማ የአንተ ዓይነት ሳይክል ፊት ላይ ትንሿ ጥርስ 24፣ ኋላ ላይ ትልቁ ጥርስ 28 ነው አብዛኛውን ጊዜ። ፔዳሉን አንዴ ስታዞር 1.75 ሜትር ያህል ትሄዳለህ። የኋላውን አውጥተህ ትልቁ 34 የሆነ አስገባበት። አንዴ ስታዞር 1.45 ሜትር ትሄዳለህ። እግርህ የሚገፋው ኃይል ከመቶ 18 እጅ ገደማ ቀነሰ። ከ111 ኪሎ ላይ 18 እጅ 20 ኪሎ ነው። 20 ኪሎ ዕቃ መንገድ ላይ የጣልክ ያህል ነው ጉልበትህ የሚሰማው። ቀስ ትላለህ፣ አዎ። ግን ትቀመጣለህ፣ አትገፋም። ስትቀይር ሁለት ነገር ጠይቅ፤ ማርሽ ቀያሪው ረጅም ክንድ ያለው ይሁን፣ ሰንሰለቱም ይለካ። አጭር ሰንሰለት በትልቅ ጥርስ ላይ ከተወጠረ ማርሽ ቀያሪውን ገንጥሎት ነው የሚሄደው።

ሁለተኛ፣ ክብደቱ የት እንደተቀመጠ። እኔ ጋ የሚመጡት የቸርኬ ሽቦ የበጠሱ ጎማዎች ሁሉም ለማለት ይቻላል የኋላ ናቸው። ያውም ሰንሰለቱ ባለበት በኩል። ለምን? ሰውዬው ራሱ ከግማሽ በላይ ኋላ ላይ ነው የተቀመጠው። ከዚያ ላይ ዕቃውን ሁሉ ኋላ መጫኛ ላይ ይቆልላል። ከባድ ነገር፣ ማለት ውሃ፣ መፍቻ፣ ቁልፍ፣ በሁለቱ እግርህ መካከል ባለው የሳይክሉ ሦስት ማዕዘን ውስጥ ወደ ታች ይግባ። ቀላልና ትልልቅ ነገር፣ ልብስ፣ ከመሪው ፊት ወይ ከኮርቻ ሥር። ከኮርቻ ሥር ያለው ቦርሳ ከባድ ከሆነ ቆመህ ስትጋልብ እንደ በግ ላት ይወዛወዛል። እሱን አጥብቀህ እሰር። ገበያ ላይ የሚሸጠው ላስቲክ ገመድ ይለቃል። አሮጌ ካላማዳሪያ በቁመቱ ቆርጠህ እሰርበት፣ ወይ ጥሩ ቺንጋ። ካላማዳሪያ ይነክሳል፣ አይንሸራተትም።

ሁለት ትርፍ ሽቦ በልኩ አስቆርጠህ ከሳይክሉ አጥንት ጋር በፕላስተር ለጥፈው። ክብደቱ አይሰማህም።

ሦስተኛ ፍሬን። መምህር እውነቱን ነው። ደንገጎን ስትወርድ ፍሬኑን ያዝ አድርገህ እስከ ታች እንዳትቀጥል። ከኩርባው በፊት ጠንከር አድርገህ ያዝ፣ ቀንስ፣ ልቀቅ። ሲለቀቅ ነፋስ ያበርደዋል። ቸርኬው ከመጠን በላይ ከጋለ ውስጡ ያለው አየር ይነፋል፣ ካላማዳሪያው ሊፈነዳ ይችላል፤ ያ የፊት ጎማ ከሆነ መሬት ነህ። መንገድ ላይ ሁለት ሦስት ቦታ ቆመህ አብርደው። ከመሄድህ በፊት የፍሬን ጎማዎቹን አራቱንም ቀይር። ዋጋው ከምሳህ አይበልጥም።

---

አዲስ_ጀማሪ · ኅዳር 7

ይኼን ሁሉ ዛሬ ነው የሰማሁት፣ እናመሰግናለን። ጋሽ ጎማና ፍሬን፣ የጎማ አየርስ? ዕቃ ሲጫን ልጨምር?

---

ጎማና_ፍሬን · ኅዳር 7

ትጨምራለህ፣ ኋላውን ከፊቱ አብልጠህ። 26 በ2.0 ጎማ ከሆነና ከነሰውዬው መቶ ኪሎ አካባቢ ከሆነ ፊቱን 40፣ ኋላውን 50 ፒኤስአይ አድርገው። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ከፍተኛ ቁጥር ግን አትለፍ። በጠዋት ብርድ ልክ የነበረው ቀትር ላይ ከፍ እንደሚል አትርሳ።

---

ድሬ_በሁለት_ጎማ · ኅዳር 17

ተመልሻለሁ። እንዴት እንደነበር ልንገራችሁ።

ከመነሳቴ በፊት እንደገና ወፍጮ ቤቱ ሄድኩ። 28.7። ድንኳኑ፣ የመኝታ ከረጢቱ፣ ምድጃው ቀሩ። ጋቢው ቀረ፤ እናቴ ሽርጡን ሳሳያት "እሱማ የአባትህ ነው" ብላ አዲሱን ከሳጥን አውጥታ ሰጠችኝ። ምግብ 1.3 ሆነ፣ ልብስ 1.8። ቁልፉን በቀጭን ቀየርኩት። የኋላ ጥርስ 34 አስገባሁ። ውሃ አራት ሊትር፣ ሁለቱ በሳይክሉ ሦስት ማዕዘን ውስጥ፣ ሁለቱ ደግሞ በመሪው ግራና ቀኝ።

11 ሰዓት ከሩብ ላይ ወጣሁ። ባጃጆቹ ገና አልተነሱም፣ ከተማው ጸጥ ብሏል። ዳገቱ ሲጀምር ወደ ትንሿ ጥርስ ቀየርኩና ከዚያ በኋላ ማርሽ አልነካሁም። ፍጥነቴ ከሚሮጥ ልጅ ያነሰ ነበር። አንዱ ልጅ ጎኔ በጎኔ ሁለት ኩርባ አብሮኝ ወጣ፣ ኋላ መጫኛው ላይ እጁን ጣል አድርጎ። ይግፋ ይደገፍ አላውቅም፣ ግን ደስ ይል ነበር። አንድ ቦታ ብቻ ወርጄ ገፋሁ፤ ጥቁር ጭስ የሚተፋ ከባድ መኪና ስላፈነኝ ነው እንጂ እግሬ እምቢ ብሎ አይደለም። ደንገጎ ጫፍ ላይ 2 ሰዓት ከ40 ሆነ። ከዕረፍት ጋር ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ።

እና ጋሼ ከዚራ፣ ጠርሙሶቹን ቆጠርኩ። ሦስት ሊትር ጠጥቻለሁ። ያውም በኅዳር፣ ያውም በንጋት። ሁለት ሊትር ይዤ ቢሆን ኖሮ መንገድ ላይ ነበር የሚያልቅብኝ። አንድ ሊትር ቀርቶኝ አዴሌ ገባሁ፣ ሞላሁ፣ ሻይ በሳምቡሳ በላሁ።

ሐረማያ ላይ ሐይቁ ውሃ ይዞ ማየት ልብ ያሞቃል፤ ደርቆ ሜዳ ሆኖ ነበር እኮ የማስታውሰው። አወዳይ ላይ ተጠንቀቁ። ጫት የጫኑት መኪኖች የሚሄዱበት ፍጥነት ለሳይክል የሚራራ አይደለም። ስሰማቸው ከአስፋልቱ ወርጄ እየጠበቅሁ አሳለፍኳቸው። ቀላል ሳይክል ያለው ጥቅም እዚያ ነው የገባኝ፣ ቀላል_ጉዞ እንዳለው። አንድ እጄን መሪው ላይ፣ አንድ እጄን ኮርቻው ላይ አድርጌ ብድግ አደርገዋለሁ። በ43 ኪሎው አይሆንም ነበር።

ሐረር 6 ሰዓት ተኩል ላይ ደረስኩ። ማታ ጁገል ውስጥ አንድ እናት ቁጢ፣ የቡና ቅጠል ሻይ፣ አፍልተው ሰጡኝ፣ በወተት። የዚያን ቀን ድካም እዚያ ብርጭቆ ውስጥ ቀረ።

ባቢሌ መውረዱ ቀላል ነው። ዳካታን ግን በቃል መግለጽ አልችልም። ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርቦ፣ የላይኛው ከታችኛው በእጥፍ የሚሰፋ፣ አሁን ወደቀ ሲሉት የማይወድቅ። ከሥሩ ቆሜ የእኔን ጭነት አስታወስኩ። ባቢሌ አልጋ ቤት አደርኩ፤ ሌሊቱን ጅብ ሲጮህ ሰማሁ፣ እህቴን ጁገል ዳርን አመሰገንኳት። በማግስቱ ሐረር ተመለስኩ፣ በአራተኛው ቀን ወደ ድሬ።

የተሳሳትኩት አንድ ነገር አለ። ስቀንስ ስቀንስ የንፋስ ጃኬቴን ቤት ተውኩት። ሁለት መቶ ግራም አይሞላም። በመጨረሻው ቀን ጠዋት ከሐረር ስወጣ ብርዱ ጣቴን ቆረጠመው፣ ፍሬን መያዝ እስኪያቅተኝ ድረስ። አዴሌ አካባቢ ሽርጡን ደረቴ ውስጥ አጥፌ ከትቼ ነው የደረስኩት። ሁለተኛውን ሱሪ ደግሞ አንድ ቀን አልለበስኩትም። ሱሪው 600 ግራም ነው። ያንን ትቼ ጃኬቱን መያዝ ነበረብኝ።

ቁልቁለቱን እንዳላችሁኝ ወረድኩ። ከኩርባ በፊት ያዝ፣ ልቀቅ። ሦስት ቦታ ቆምኩ። በሁለተኛው ላይ ቸርኬውን በእጄ ልነካው አልኩና ፈራሁ። ከጠርሙሱ አንድ ጠብታ ውሃ ጣል አደረግሁበት። ቸስ ብሎ ጠፋ። እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አንድ ሩብ ሰዓት ያህል ድሬን ከላይ አየኋት፣ እስኪበርድ።

የኋላ ጎማ ሽቦ አልተበጠሰም። አንድ ጊዜ ብቻ እሾህ ወጋኝ፣ ቢሲዲሞ አልፌ።

---

ጎማና_ፍሬን · ኅዳር 17

ጎበዝ። ሳይክሉን አንድ ቀን አምጣውና የኋላውን ሽቦ ላጥብቀው። ካልተበጠሰ ደህና ነው ማለት አይደለም፣ ይላላል። በነጻ ነው።

---

የፊዚክስ_መምህር · ኅዳር 17

የውሃ ጠብታዋን ነገር ነገ ክፍል ውስጥ እናገራለሁ፣ ከፈቀድክልኝ። ልጆቹ ደንገጎን ሁሉም ያውቁታል፣ ጁልን ግን ሰሌዳ ላይ ብቻ ነው ያዩት።

---

አዲስ_ጀማሪ · ኅዳር 19

እኔም ዛሬ ወፍጮ ቤቱ ሄጄ መዘንኩ። ባለ ወፍጮው "እናንተ የሳይክል ልጆች" ብሎ ሳልጠይቀው ሚዛኑን ጠረገልኝ። 29.4 መጣ። ድንኳን የለም፣ ምድጃ የለም፣ ሽርጥ አለ፣ የንፋስ ጃኬት አለ። ጥርሱን ጋሽ ጎማና ፍሬን ጋ ቀየርኩ። ቅዳሜ ነው የምነሳው። የረሳሁት አለ?

---

ከዚራ68 · ኅዳር 19

ከ29.4ቱ ውስጥ ውሃው ስንት ነው?

---

አዲስ_ጀማሪ · ኅዳር 19

ሁለት ሊትር ነው ጋሼ።

---

ከዚራ68 · ኅዳር 19

31.4 አድርገው።